ያየ ይጻፍ

አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለውን ኮሙናል ቤት እሑድ ከሰዓት በመስኮት ያየ ሰው ዕቁብ ነው ብሎ ያልፋል። ጠጋ ያለ ግን ይገረማል። በአሮጌ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ላይ ከፎም የተቆረጠ ተራራና ጫካ፣ በሰማያዊ ቀለም የተሳለ ወንዝ ከነድልድዩ፣ ከቆርኪ የተሠራ ሁለት ጦር ሰፍሯል። ዙሪያውን የቆሙት ደግሞ ልጆች እንዳይመስሏችሁ። የደም ግፊት ኪኒን በኪሳቸው ይዘው የሚመጡ፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ሳይቀሩ አሉበት። የዚህ ሁሉ ጣጣ ባለቤት ሃረገወይን ናት።

ሃረገወይን ማይጨው ተወልዳ፣ በልጅነቷ አዲስ አበባ ገብታ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ የቅየሳ ድርጅት ካርታ ስትስል የኖረች ሴት ናት። እጇ ቀጥ ያለ ነበር፤ አፏ ግን ይፈራ ነበር። አንድ ቀን የክፍል ኃላፊዋ በሠሩት ካርታ ላይ አንድ ድልድይ ከቦታው ሁለት ኪሎ ሜትር ፈቀቅ ብሎ አየች። አየችና ዝም አለች። ሰውየው በዕድሜ አባቷ ይሆናሉ፤ «ተሳስተዋል» የሚለው ቃል ከጉሮሮዋ አልወጣ አላት። ካርታው ታተመ። የመንገድ ሠራተኞች የሌለ ድልድይ ሲፈልጉ ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ወረደባቸው። እሷን ማንም አልጠየቃትም። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ የእሷ ዝምታ ግን ነቅዞ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሲበላት ኖረ።

ጡረታ በወጣች በዓመቱ የእህቷ ልጅ ያፌት ሰልችቶት የተወውን የጦርነት ጨዋታ ሳጥን ከአልጋ ሥር አገኘች። ስትከፍተው ካርታ አለው። ካርታ ያለበት ነገር ደግሞ እሷን አያልፋትም። ጎረቤት ጠራች፣ ጠረጴዛ ለመነች፣ የኮሙናሉን ቁልፍ ከኮሚቴው ተረከበች፤ በአራት ዓመት ውስጥ አሥራ አራት ተጫዋች አፈራች።

አንድ ለአንድ መጫወትን ትንቃለች። «ሁለት ሰው ከሆናችሁማ ዳማ አለላችሁ» ነው የምትለው። የእሷ ሥርዓት በአንድ ወገን ሦስት ሰው ነው። ሁለቱ የክንፍ መሪዎች ጠረጴዛው ጋ ቆመው ቆርኪ ያንቀሳቅሳሉ። ሦስተኛው አዛዥ ነው፤ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጦ ካርታ እንጂ ጠረጴዛውን አያይም። መነጋገር ክልክል ነው። በየዙሩ ክንፍ መሪዎች አንዳንድ ወረቀት ይልኩለታል፣ እሱም ትእዛዙን በወረቀት ይመልሳል። አዛዥ የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው።

ሥርዓቱ ግሩም ነበር። የሚያበላሹት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ነበሩ። ሻለቃ መኩሪያ፣ የሰባ ሁለት ዓመት ጡረተኛ መኮንን፣ በበሩ ብቅ ሲሉ ሁሉም ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል። እሳቸውም «በእግዜር» ብለው ቀጥታ ወደ መጋረጃው ጀርባ ይገባሉ። ማን ሾማቸው? ማንም። ሽበታቸው።

በዚህ ዓይነት ከቦሌ ከሚመጣው ቡድን ጋር ሁለት ጊዜ ገጥመው ሁለት ጊዜ ተሸነፉ። በሁለተኛው ጨዋታ የግራ ክንፍ መሪ የነበረችው ቤዛዊት ነበረች፤ የሃያ ስድስት ዓመት የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከአራብሳ ኮንዶሚኒየም ድረስ የምትመጣ፣ ዓይኗ ምንም የማያመልጠው። የጠላት ፈረሰኛ በጫካው ጀርባ ሲዞር አይታለች። ወረቀቷ ላይ ግን «ሁሉም ደህና ነው» ብላ ጻፈች።

«ለምን አልጻፍሽም?» አለቻት ሃረገወይን፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ።

«ሻለቃ አስበውበት ይሆናላ! እሳቸውን የማስተምር እኔ ማነኝ?» አለች ቤዛዊት፣ ቦርሳዋን እያነሣች። «ከዚህ በኋላ እንኳን አልመጣም፣ እትዬ። ለማጨብጨብ ብዬ ሁለት ታክሲ አልይዝም።»

ሃረገወይን ያንን የሌለ ድልድይ አሰበች። ተናደደች፤ በልጅቷ ሳይሆን በራሷ። ይህን ሥርዓት ያቆመችው እሷ ሆና፣ የገዛ በሽታዋን ቤቷ ውስጥ አስቀምጣ ስትቀልብ ኖራለች።

በሚቀጥለው እሑድ አባላቱን ሰበሰበች። ቤዛዊትንም ለምና አስመጣቻት።

«ሁለት ነገር ይለወጣል» አለች። «አንደኛ፣ ቦታ በዕጣ ነው። ሁላችንም ኮንዶሚኒየም የገባነው በዕጣ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ሲደርሰኝ ዕድሜዬን የጠየቀኝ የለም። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ሁለት መስመር ይኖረዋል፤ ‹ያየሁት› እና ‹የሚመስለኝ›። አንዱንም ባዶ መተው አይቻልም። ያየ ይጻፍ! ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማችሁም?»

«ማዕረግ በዕጣ!» አሉ ሻለቃ መኩሪያ፣ ከወንበራቸው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። «ወይዘሮ ሃረገወይን፣ ጦር እኮ ሎተሪ አይደለም። ታላቅና ታናሽ ከጠፋ ምን ይቀራል?»

«እንግዲያው ቦሌዎች ሲመጡ እንየው። ሦስተኛ ጊዜ ከተሸነፍን የዚህን ቤት ቁልፍ ለእርስዎ አስረክባለሁ። እንደ ድሮው ያሰልፉን፤ እኔም ከዚያ በኋላ አልመጣም።»

አራት ዓመት የለፋችበትን ነገር በአንድ ጨዋታ ማስያዟ ነበር፤ ሻለቃም ያንን አውቀው አንገታቸውን በመነቅነቅ ብቻ ተስማሙ።

ቦሌዎች የመጡት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። መሪያቸው ምሩጽ የሚባል አርክቴክት ነው፤ ከውጭ ያስመጣቸውን የፕላስቲክ ወታደሮች ስፖንጅ በተነጠፈበት ሻንጣ ይዞ ገባ። እነሱ ዘንድ አዛዥ ሁልጊዜ ምሩጽ ነው። ወታደሮቹ የእሱ ናቸው፣ ማን ሌላ ሊሆን ነው!

ዳኛው ኣምደሚካኤል፣ የቀድሞ የእግር ኳስ ዳኛ፣ ዕጣውን በሻለቃው ባርኔጣ ውስጥ ደባለቀ። አዛዥ ቤዛዊት ወጣች። ቀኝ ክንፍ ሃረገወይን። ግራ ክንፍ፣ ድልድዩን የሚጠብቀው፣ ሻለቃ መኩሪያ። ሻለቃ ዕጣቸውን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ጽሑፉ አልተለወጠም። ከስምንት ዙር በኋላ ድልድዩን የያዘ ያሸንፋል ተባለና ፊሽካ ተነፋ።

እስከ አራተኛው ዙር ሁሉም ሰላም ነበር። በአምስተኛው የምሩጽ ወታደሮች ከድልድዩ ፊት ማፈግፈግ ጀመሩ። የሻለቃ ዓይን በራ። ሲሸሽ ያዩትን ጠላት ትተው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ቆርኪዎቻቸውን ሁሉ ይዘው ወንዙን ተሻገሩና ተከተሉ። ያን ጊዜ ከጫካው ጥግ የምሩጽ ፈረሰኞች ብቅ አሉ። ማባበያ ነበር። ድልድዩ ባዶውን ቀረ።

ሃረገወይን አየች። ነገር ግን ዳኛው የእሷን ወረቀት ቀድሞ ወስዷል፤ መናገር ደግሞ ክልክል ነው። ሻለቃ እስክሪብቶ ይዘው ቆመዋል። «ጠላት እየሸሸ ነው» ብለው ቢጽፉ ውሸት አይሆንም። ከመጋረጃ ጀርባ የተቀመጠች ልጅ ምን ታውቃለች? ጨዋታውን ቢሸነፉ ቁልፉ የእሳቸው ነው፤ ስሕተታቸውን ቢጽፉ ግን በልጃቸው ዕድሜ ላለች ሴት በእጅ ጽሑፋቸው ማመናቸው ነው። በመጨረሻ አጎንብሰው ጻፉ፤ ወረቀቱንም አራት ቦታ አጥፈው ሰጡ።

ትእዛዙ ከመጋረጃው ጀርባ ፈጥኖ መጣ፤ አንቱታውም አልተጓደለበትም። ለሻለቃ «አይመለሱ። እዚያው ቆይተው በደንብ ይታዩ» ይላል። ለሃረገወይን ደግሞ «ያለዎትን ሁሉ ይዘው በተራራው ጀርባ ወደ ድልድዩ ይምጡ» ይላል።

ሃረገወይን ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው። ሰውየው ጽፈዋል! ባይጽፉማ ይህች ልጅ በምን ታውቅ ነበር?

የምሩጽ ፈረሰኞች ባዶ ድልድይ አግኝተው በረጅም ሰልፍ ገቡበት። ግማሾቹ ሲሻገሩ ሃረገወይን ከተራራው ጀርባ ወጥታ የድልድዩን አፍ ዘጋች። ሻለቃ ከኋላ ዞረው የሰልፉን ጭራ ያዙ። በስምንተኛው ዙር የመጨረሻውን ዳይስ ሻለቃ ወረወሩ፤ አራት ይበቃ ነበር፣ ስድስት ወጣ። ፊሽካው ሲነፋ በድልድዩ ላይ የቆሙት ቆርኪዎች ብቻ ነበሩ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ምን እንደተፈጠረ ያላወቀች ጎረቤት እንኳ ከሦስተኛ ፎቅ እልል አለች።

ከጨዋታ በኋላ ወረቀቶቹ ጮክ ተብለው ይነበባሉ፤ ደንብ ነው። ኣምደሚካኤል መጀመሪያ የቦሌዎቹን አነሣ። «ያየሁት፦ ከተራራው ጀርባ የሚንቀሳቀስ ጦር። የሚመስለኝ፦ ሁሉም ደህና ነው።» ምሩጽ ክንፍ መሪውን ዞሮ አየው። ክንፍ መሪው ጫማውን አየ።

ቀጥሎ አራት ቦታ የታጠፈው ተከፈተ። «ያየሁት፦ ድልድዩ ባዶ ነው፤ ፈረሰኛ እየመጣበት ነው። የሚመስለኝ፦ ተታልያለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ትእዛዝ እጠብቃለሁ። መኩሪያ።»

ሃረገወይን ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ መጋረጃው ተገልጦ ቤዛዊት ካርታዋን እንደያዘች ወጣች። ሻለቃ መኩሪያ ጉልበታቸውን ደግፈው ከወንበራቸው ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ኖር!» አሉ።

ቤቱ በሙሉ፣ ቦሌዎችም ጭምር፣ ተከትሏቸው ብድግ አለ። ቤዛዊት ፊቷ ቀላ፤ «ኧረ ይቀመጡ» ልትል አፏን ከፈተች። ሃረገወይንን አየቻት። ሃረገወይንም ቆማለች፣ አልተቀመጠችም።

«በእግዜር» አለች ቤዛዊት፣ ቀስ ብላ።

ሃረገወይን የኮሙናሉን ቁልፍ በኪሷ ውስጥ ዳበሰችው። እዚያው ነበር።