ገብስ ውስጥ የተቀበረው ሰባተኛ መጽሐፍ

አሰላ ልጅ ሳለሁ መብራት በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሳይጠፋ አይቀርም ነበር፤ እኔና ጎረቤቴ ዘይነባ ደግሞ እንዲጠፋ የምንለምን ልጆች ነበርን። መብራት ሲጠፋ ታላቅ እህቴ አስናቀች ሥራዋን ሁሉ ትታ ፋኖሱን ትለኩሳለች፣ ከሰሉን አራግባ ረመጡ ውስጥ ድንች ትቀብራለች፣ ከዚያም አረንጓዴ ሽፋን ያለውን መጽሐፍ ጉልበቷ ላይ ትዘረጋለች። ያኔ እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ እሷ ሃያ አንድ። እናታችን ትንሿን ሰናይትን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስለሞተች፣ እኔን አበጥራ ትምህርት ቤት የምትልከው፣ ሰናይትን አዝላ የምታስተኛው፣ እህል ነጋዴ ለነበረው አባታችን ስንቅ የምትቋጥረው እሷ ነበረች። በስሟ ጠርቻት አላውቅም፤ እታለም ነበር የምላት።

መጻሕፍቱ ሰባት ነበሩ። እታለም የተማረችበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍቱን ሲያጸዳ ሊጥላቸው ያወጣቸው የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች ናቸው፤ መቼ እንደታተሙ እንጃ፣ ወረቀታቸው የሻይ ቀለም ይዞ ነበር፣ ሲገለጡም የአሮጌ ሣጥን ሽታ ይሸቱ ነበር። ለኮረዶች የተጻፉ የአንድ ቤተሰብ ታሪኮች ናቸው፦ እናታቸው የሞተችባቸው አምስት እህትማማቾች፣ ዝምተኛ አባት፣ ብርዳማ አገር ላይ ያለ የእርሻ ቤት። እታለም እንግሊዝኛውን በዓይኗ እያየች በአፏ አማርኛ ታወጣዋለች፤ ዘይነባ ግራ ስትጋባ ደግሞ በኦሮምኛ ትደግምላታለች። አገሩ ከባሕር ማዶ ነው ብትለንም አናምናትም ነበር። ጭጋግ አለው፣ ገብስ አለው፣ ላም ይታለብበታል፣ ከቤቱ ጀርባም ተራራ አለ፤ ያ ተራራ ለእኛ ጭላሎ ነበር።

ታላቂቱ ሄልዳ እንደ እታለም ቤት ትይዛለች። ሁለተኛዋ ሩት ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አትችልም፤ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ ነው፣ በር ሳታላጋ አትወጣም። እኔ ሩት ነበርኩ። እንዲያውም በር ማላጋት ከእሷ ተምሬ አባቴ ሁለት ጊዜ በጥፊ ብሎኛል።

ስድስተኛውን መጽሐፍ በጨረስንበት ሳምንት ለእታለም ደብዳቤ መጣ። አዲስ አበባ ነርስነት እንድትማር ተቀብለዋታል፤ እስከ ዓርብ ሄዳ መመዝገብ አለባት። ማመልከቷን እንኳ አናውቅም ነበር። አባታችን ኢተያ ስንዴ ሊገዛ ሄዶ ስለነበር ደብዳቤውን መጀመሪያ ያነበበችው ለእኔና ለዘይነባ ነው።

ዘይነባ እጇን አፏ ላይ ጭና፣ «ሰባተኛውስ?» አለች። «ማሎ፣ እባክሽ እታለም፣ ሳትጨርሺልን እንዳትሄጂ!»

እታለም ሳቀች። «በሦስት ምሽት እጨርስላችኋለሁ። ሳልጨርስላችሁ አልሄድም፣ በቃ።»

እኛን ለማባበል ያለችው ነው። እኔ ግን ቃሏን እንደ መሐላ ያዝኩት። ካልተጨረሰ አትሄድም፤ ካልተጀመረ ደግሞ አይጨረስም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ልብስ ልታጥብ ጓሮ ስትወጣ ሰባተኛውን መጽሐፍ አነሣሁና አባቴ እህል ወደሚያስቀምጥበት ክፍል ገባሁ። እዚያ ገብስ የሞላበት በርሜል ነበር። እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ቀበርኩት፤ ላዩንም በመዳፌ ደለደልኩት።

የዚያን ዕለት ምሽት ዘይነባ ገና ጨለምለም ሲል መጣች። እታለም መደርደሪያውን፣ አልጋ ሥሩን፣ የልብስ ሣጥኑን አገላበጠች።

«ሙሉ፣ አላየሽውም?»

«አላየሁም» አልኩ።

ማክሰኞ እንደገና ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ ሳትጠይቀኝ ቀረች። ረቡዕም እንዲሁ። ያኔ ያደረብኝ ነገር እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም፦ ስቀመጥ እነሣለሁ፣ ስነሣ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም፣ ወደ እህል ክፍሉ እሄድና ከደጁ እመለሳለሁ። ሐሙስ እታለም ሰማያዊ ቀሚሷን ተኩሳ ሻንጣ ውስጥ ከተተችው። ማታ ላይ ደግሞ ከሻንጣው ወጥቶ ምስማር ላይ ተሰቅሎ አየሁት። ዓርብ ጠዋት የአውቶቡሱ ጡሩምባ ከመናኸሪያው ሲሰማ ለሰናይት ገንፎ እያበላች ነበር። ማንኪያው አየር ላይ ቀጥ አለ፤ ከዚያ ወደ ሰናይት አፍ ሄደ።

ቅዳሜ አባታችን ሲመለስ ደብዳቤውን አሳየችው። አገላብጦ አየና «ቀኑ አልፏል እኮ» አላት።

«አዎ አባባ፣ አልፏል።»

 የዚያኑ ዕለት መጽሐፉን ከገብሱ አውጥቼ፣ ከሌሎቹ ኋላ መደርደሪያው ላይ ሸጎጥኩት። ከዚያ ወዲያ መብራት ቢጠፋም የሚነበብ ነገር አልነበረም። ዘይነባም መምጣቷን ቀነሰች። በሁለተኛው ዓመት እታለም ወፍጮ ቤት ያለው ደግ ሰው አግብታ ጎበሳ ገባች፤ ሰናይትንም ይዛት ሄደች። እኔ ተማርኩ፣ አዳማ የላብራቶሪ ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርኩ። ነጭ ጋወን በለበስኩ ቁጥር የእሷን ልብስ የለበስኩ ይመስለኝ ነበር። ስልክ ስትደውልልኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣውን ዝምታ እፈራው ነበር።

አባታችን ባለፈው ዓመት ሲያርፍ ቤቱን ባዶ የማደርገው እኔ ሆንኩ። ሰባቱንም መጻሕፍት አገኘኋቸውና አዳማ ወስጄ ከሥራ መልስ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር የጠበቅኳቸውን ያህል አልሆኑልኝም። ስለ ባርኔጣና ስለ ኬክ ብዙ ያወራሉ። ላሞቹን የምታልበው ሠራተኛ በስድስት መጽሐፍ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ስም የላትም፤ ያን ያኔ ልብ አላልኩም ነበር፣ ምክንያቱም እታለም ጫልቱ ብላ ስም አውጥታላት ነበር።

እየገፋሁ ስሄድ ጨርሶ ያልሰማኋቸው ገጾች እየበዙ መጡ። በየምዕራፉ መጨረሻ አባትየው ወይም ቄሱ ብቅ ይልና ሄልዳን ያመሰግናል፤ ጥሩ ልጅ ቤቷን አትለቅም፣ ሩት ግን በመቅበዝበዟ አንድ ቀን ታለቅሳለች ይላል። ስድስቱንም መልሼ ፈተሽኩ። በሁሉም ውስጥ አለ። እታለም ግን አንዱንም አንብባልን አታውቅም። ሰባተኛውን ግን ልገልጠው አልደፈርኩም። አራት ቀን እንቅልፍ አጥቼ ከረምኩና አምስተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር፤ መጽሐፉን በቦርሳዬ ይዤ፣ ሳልደውል፣ በአሰላ በኩል ወደ ጎበሳ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።

እታለምን ያገኘኋት ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ነው፤ ቅንድቧ ዱቄት ለብሷል። ስታየኝ ደነገጠች።

«ምነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አልኳት። ወደ ቤት እስክንገባ እንኳ መጠበቅ አልቻልኩም። በሞተሩ ጩኸት መካከል፣ እንደ እብድ እየጮህኩ፣ «እታለም፣ ሰባተኛውን መጽሐፍ የደበቅሁት እኔ ነኝ! ገብሱ ውስጥ!» አልኳት።

እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝና አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ማክሰኞ ጠዋት ገብስ ልቆላላችሁ እጄን ሳስገባ አገኘሁት። መልሼ ቀበርኩት።»

 ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሣሁ።

«ፈርቼ ነበር፣ ሙልዬ» አለች። «አዲስ አበባ ማንንም አላውቅ። ሰናይት ገና አራት ዓመቷ ነው። ልቤ አንዴ ሂጂ ይለኛል፣ አንዴ ቅሪ። አንቺ ሰበብ ሰጠሽኝ። ቃል ገብቻለሁ፣ መጽሐፉ ጠፍቷል፣ አልኩና ቀረሁ።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ ያስቀረኋት እያልኩ ስቃጠል! ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ተናደድኩባት። ሰው ይቅር ሲባል ደስ ይለዋል ይባላል፤ እኔ ግን ያን ያህል ዘመን የተሸከምኩት የእኔ እንዳልነበር ስሰማ አለቀስኩ፣ በቁጣ።  ሲወጣልኝ ጊዜ ያልተነበቡትን ገጾች ጠየቅኳት።

«ያን ስብከት?» አለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ቅንድቧን እየጠረገች። «እኔ መስማቴ ይበቃ ነበር። አንቺ ባትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው። በር የምታላጋ ልጅ ነበርሽ፤ እንድትተዪው አልፈለግሁም።»

እሷም ሰባተኛውን አንብባው አታውቅም ነበር። ከቦርሳዬ አወጣሁትና ፀሐዩ ላይ ተቀምጠን፣ ይህን ጊዜ እኔ እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ አወራላት ጀመር። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ቄሱ ብቅ ሲል ቆም አልኩ፤ ልዘለው አሰብኩ።

«ምነው ቆምሽ?» አለችኝ። «አንብቢው እንጂ። አሁን ትልልቆች ነን።»

አነበብኩት። ሄልዳ ቤቷን ባለመልቀቋ የተባረከች ናት ይላል። እታለም ትንሽ አሰበችና «ይኼ ሰውዬ ገንፎ አገንፍቶ አያውቅም» አለች፤ ሁለታችንም እስክናስል ሳቅን።

እሑድ ወደ አዳማ ስመለስ ይቀለኛል ብዬ ነበር። በሚኒባሱ መስኮት የገብሱ ማሳ ሲያልፍ አንዱን ሐሳብ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣብኝ ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ ነኝ። ከእነዚያ ምሽቶች ታሪኩ አብዛኛው ከአእምሮዬ ወጥቷል፤ የአምስቱን እህትማማቾች ስም እንኳ ሁሉንም አላስታውስም። የቀረኝ ያልተነበበልኝ ነው። እሷ ለራሷ ሰምታ ለእኔ የዋጠችው። እሷ ያኔ ሄዳ ቢሆን ኖሮ ሰናይትን እያሳደግሁ ቤት ያዥ ሆኜ የምቀረው እኔ ነበርኩ። ዕድሏን እንዳልነጠቅኳት አሁን አውቄአለሁ። እንደበላሁት ግን አልክድም።