ከሀደት ፋናር የደረሰው የእኅት በላይነሽ ጊታር

እኅታችን በላይነሽ ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ቤሩት አጠገብ፣ አንጠልያስ ውስጥ ለጽዳት በገቡበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ወድቀው ሆስፒታል ሳይደርሱ ዐርፈዋል። ይህን የምጽፈው በአዳራሹም ሆነ በስልክ አብረዋቸው ላመለኩ፣ ጊታር ላስተማሯቸው፣ ድምፃቸውን እንጂ መልካቸውን ለማያውቁ እኅቶችም ጭምር ነው። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ከጻፍኩ በኋላ ደጋግሜ አነበብኩት። ስሕተት የለበትም። አሁንም ግን የሌላ ሰው ስም በስሕተት የገባበት ይመስለኛል።

ሐሙስ ሐሙስ ሥራ ቦታቸው እንደ ደረሱ ይደውሉልኝ ነበር። ባልዲው ውኃ እስኪሞላ ድረስ የእሑዱን ዝማሬ መሣሪያ እንፈትሻለን። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እትዬ ሙሉ፣ ሶኬቱን ነቅለዋል?» በዚያ ቀንም ስልኩ ጠራ፤ ስማቸውን አየሁ። ሰላምታም ሳልጠብቅ «ሶኬቱን ነቅያለሁ» አልኩ። 

«እማማ፣ እኔ ጥሩወርቅ ነኝ» አለች፣ አብራቸው የምትኖረውና አብራቸው ሥራ የምትወጣው ልጅ።

«ምነው፣ እሳቸውን አቅርቢልኝ እንጂ። ተዘጋጅቻለሁ።»

«እማማ፣ እባክዎ ይቀመጡ።»

ተቀምጬ ነበር። ማዳመጫው አንገቴ ላይ፣ ማይኩ ከፊቴ ነበር። የነገረችኝን ከሰማሁ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ከጀርባ የባልዲውን ውኃ ድምፅ ለመስማት ስሞክር እንደ ነበር አስታውሳለሁ።

እኅት በላይነሽ የወሊሶ ልጅ ናቸው። ጊታር የተማሩት አገር ቤት ሳሉ በመዘምራን ቡድን ውስጥ ነው። ቤሩት በወጣትነታቸው መጥተው ለብዙ ዓመታት በአንድ ቤት ሠሩ፤ ከዚያ ቤት ሲወጡ ግን የመኖሪያ ወረቀት አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ ሀደት በሚባል ሰፈር ከጥሩወርቅ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ በየቀኑ እየተጠሩ ቤትና ደረጃ እያጸዱ ኖሩ። ለአምልኮ በተከራየነው አዳራሽ ዝማሬ የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። እኔ ፋናር በሚባል ሌላ ሰፈር፣ ከአሠሪዬ ከአንዲት አሮጊት ማዳም ጋር እኖራለሁ። በዕድሜ ብበልጣቸውም መሪያችን ናቸውና «አንቱ» እላቸው ነበር፤ እሳቸውም ለዕድሜዬ «አንቱ» ይሉኝ ነበር። ጥሩወርቅ «ሁለት አንቱዎች ሲነጋገሩ የስልኩ ክሬዲት ያልቃል» እያለች ታሾፍብን ነበር።

መንገዱ በሰልፈኞች የጎማ እሳት በተዘጋበት በዚያ መኸር ወደ አዳራሹ መሄድ ሲያቅተን፣ በስልክ እንዘምር ያሉት እሳቸው ናቸው። ከወራት በኋላ ኮሮና መጥቶ አዳራሹ ጨርሶ ሲዘጋ፣ ስልኩ ብቻ ቀረልን። ከሁላችንም ይልቅ ስልኩ ብቻ የቀረላት አልማዝ ነበረች። አልማዝ በሽታው ከገባ ጀምሮ ከአሠሪዎቿ ደጅ እንዳትወጣ የተከለከለች ታናሽ እኅታችን ናት። እሑድ ጧት ልብስ እያሰጣች፣ አንዱን ማዳመጫ ሻሿ ሥር አድርጋ በረንዳ ላይ ትሰማናለች። የአልማዝ እሑድ ያ ብቻ ነበር። እኅት በላይነሽ ስለ መሣሪያው በደከምን ቁጥር የሚያነሱት እሷን ነው፤ «እኛ ብንተወው ነገ እንጀምረዋለን። እሷ ግን ነገ በረንዳ ላይ ማንን ትሰማለች?»

የማዳሜ ልጅ ወደ ፈረንሳይ ሲሄድ ክፍሉን እንዳለ ትቶት ነበር። በዚያ ውስጥ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ማይክና ሳውንድ ካርድ የሚሉት፣ የማይክና የጊታር ድምፅ ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ መዳፍ የምታህል ሳጥን ነበሩ። ማዳሜን ጠየቅኋቸው፤ «አቧራ ከሚበላው ዘምሩበት» አሉኝ። ሁሉንም ሀደት ለእኅት በላይነሽ ላክሁላቸው። ሳውንድ ካርዱን ሁላችንም «ሳጥኑ» እንለው ጀመር።

ሳጥኑ በተሰካ በመጀመሪያው እሑድ ከጊታሩ ይልቅ የሚሰማው ሌላ ነገር ነበር። ንብ ማሰሮ ውስጥ የገባ ይመስል እዝዝዝ ይላል። የመንግሥቱ መብራት ሄዶ የሰፈሩ ጄኔሬተር፣ ኢሽቲራኩ፣ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። አንዲት እኅት ይህ የጠላት ሥራ ነው አለች። ሁሉም በያለበት ድምፁን እየገሠጸ ይጸልይ ጀመር። እኅት በላይነሽ አልከለከሉም፤ «ጸልዩ። እኔ ደግሞ በዚህ በኩል ገመዶቹን አንድ በአንድ ልነካካ» አሉ። የጊታሩን ገመድ ለወጡ፤ አለ። ማይኩን ነቀሉ፤ አለ። ሁለት ነገር አንድ ላይ አይነኩም ነበር። «አንድ ላይ ከነካናቸው በየትኛው እንደ ዳነ አናውቅም፤ በሚቀጥለውም እንደገና እንታመማለን» ይሉ ነበር። በመጨረሻ የላፕቶፑን ቻርጀር ከግድግዳው ነቀሉት። ድምፁ ጸጥ አለ።

«ሃሌ ሉያ» አለች ያቺ እኅት፤ «ጸሎቱ ነው።»

«ቻርጀሩ ነው» አለች ጥሩወርቅ።

«ኸላስ፣ በቃ፣ አትጣሉ» አሉ እኅት በላይነሽ እየሳቁ። «የጸለያችሁም ጸለያችሁ፣ የነቀልኩም ነቀልኩ። አሁን እንዘምር።»

ከዚያ ወዲህ ባትሪው ቅዳሜ ይሞላል፤ እሑድ ከመጀመራችን በፊት ሶኬቱ ይነቀላል።

ሁለተኛው ችግር የኛው ነበር። እሳቸው ሀደት ሆነው ይመታሉ፣ እኔ ፋናር ሆኜ እዘምራለሁ። ድምፅ በኢንተርኔት ሲሄድ ትንሽ ይዘገያል። ጊታራቸው ዘግይቶ ሲደርሰኝ፣ መሪን መቅደም ነውር ነው ብዬ እጠብቃቸዋለሁ። የኔ ድምፅም ለእሳቸው ዘግይቶ ሲደርስ፣ ታላቄን ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ ብለው ይጠብቁኛል። እኔ ስጠብቅ፣ እሳቸው ሲጠብቁ፣ መዝሙሩ እየረዘመ እየረዘመ መሐል ላይ ቆመ። 

«ያላ፣ ቀጥሉ እንጂ» አለች ጥሩወርቅ፤ «ይሄ ምስጋና ነው ወይስ ለቅሶ?»

ሳምንቱን ሙሉ ሞከርን። እኅት በላይነሽ አንድ ቀን ደወሉና «እትዬ ሙሉ፣ ሳጥኑ ምንም የለበትም። እርስ በርስ ስንከባበር ነው መዝሙሩን የገደልነው» አሉኝ። መላውንም አበጁ። ሳጥኑን፣ ማይኩንና ላፕቶፑን ወደ ፋናር መለሱት። ጊታሩን በስልካቸው ቀድተው በሳምንቱ መሐል ይልኩልኛል፤ እኔ እሑድ ከላፕቶፑ እያጫወትኩ፣ በሳጥኑ ማይክ አብሬው እዘምራለሁ። ያኔ ሁለቱም አንድ ላይ ለሁሉም ይደርሳል። በየቅጂው መጀመሪያ ላይ ድምፃቸው አለ፤ «ሦስት ከመታሁ በኋላ ይግቡ።» ከዚያ የጊታሩን እንጨት በጣታቸው ሦስት ጊዜ ይመታሉ።

ይህም ሲሆን ግን ድምፄ አልሰማ አለ። አንድ ሙሉ ከሰዓት በስልክ መሩኝ።

«የማይኩ ገመድ እስከ መጨረሻው ገብቷል?»

«ገብቷል።»

«በአጠገቡ ያለችው የድምፅ መጠን ቁልፍ ወደ ቀኝ ዞራለች?»

«ከዚህ በላይ አትዞርም።»

«ሲዘምሩ ሳጥኑ ላይ ያለችው ትንሽ አረንጓዴ መብራት ትበራለች?»

«አትበራም።»

«እስቲ አሁን ይዘምሩልኝ፤ በማይኩ አይደለም፣ በዚሁ በስልኩ።»

ዘመርኩ።  «እትዬ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚዘምሩት?» አሉኝ።

«እንዴት?»

«በሹክሹክታ ነዋ።»

አላወቅሁትም ነበር። በሰው ቤት ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ነው የዘመርኩት፤ ሳህን እያጠብኩ፣ ከውኃው ድምፅ በታች። አዳራሽ ውስጥ የሌሎቹ ድምፅ ሸፍኖኝ ኖሯል። ማይኩ ፊት ብቻዬን ስቀመጥ ግን ያው የለመድኩት ወጣ።

«ማዳሜ ሳሎን ተቀምጠዋል» አልኳቸው።

«የእርስዎ ማዳም ጆሯቸው ከባድ አይደል እንዴ? ማንን ፈርተው ነው?»



«ሳጥኑ ጤነኛ ነው» አሉኝ፤ «ከፍ ያድርጉት። እዚያ በረንዳ ላይ ሰው አለ።»

ከፍ አደረግሁት። አረንጓዴዋ መብራት በራች። በሩ ተከፈተና ማዳሜ በከዘራቸው ተደግፈው ገቡ። «ሹ ሀይዳ?» አሉ፤ ይህ ምንድን ነው ማለታቸው ነው። ሬዲዮ መስሏቸው ነበር። እኔ ነኝ ስላቸው በልጃቸው አልጋ ላይ ተቀመጡና በእጃቸው ቀጥዪ አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ በሩን ክፍት እንድተው ያዝዙኛል። እኅት በላይነሽ ይህን በስልክ ሲሰሙ ሳቃቸው አላባራም፤ «በሉ፣ ምእመን ጨመሩልን» አሉ።

ስለ ደግነታቸው ብዙ ሰው ብዙ ይናገራል። እኔ አንዱን ብቻ ልጻፍ። አልማዝ ጊታር መማር እንደምትመኝ አንድ ቀን ተናገረች፤ ጊታር ግን የላትም። እኅት በላይነሽ «መጥረጊያ አለሽ አይደል?» አሏት። የመጥረጊያውን እጀታ አስያዟት። ጣቶቿ የት እንደሚያርፉ በስልኩ ምስል እያዩ በሳምንት አንድ ጊዜ ያስተምሯት ነበር። ጥሩወርቅ ስትስቅ ተቆጧት። «ጣቷ መንገዱን ይወቅ፤ ጊታሩ በኋላ ይመጣል» አሉ። ለአልማዝም «ማዳምሽ ብትገባ መጥረግ ነው፤ ማን ያውቅብሻል?» ብለው አሳቋት። አልማዝ አሁን አራት ዜማ በመጥረጊያ እጀታ ላይ ትችላለች። አንዱንም ከራሷ ጣት ሲወጣ በጆሮዋ ሰምታው አታውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት ወዲህ አስከሬናቸው ሆስፒታል ነው፤ ወረቀቱ እስኪያልቅ ይቆያል ተብሏል። ተሰብስበን የምናለቅስበት ቦታ የለም። ቅዳሜ በስልክ ተመካከርን፤ ብዙዎቻችን ይህ እሑድ በዝምታ ይለፍ አልን። እኔም ከነዚያ አንዷ ነበርኩ። ከመምሸቱ በፊት ከአልማዝ የድምፅ መልእክት መጣልኝ። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤

«እማማ፣ እዚህ ቤት ማልቀስ አልችልም። ምን ሆንሽ ይሉኛል። እሑድ ልብስ ሳሰጣ ነው የማለቅሰው ብዬ ይዤዋለሁ። እናንተ ዝም ካላችሁ የት ሄጄ ላልቅስ?»

እኅት በላይነሽ ረቡዕ ዕለት የላኩልኝ ጊታር ስልኬ ላይ ነበር። ገና አልከፈትኩትም ነበር፤ ሐሙስ አብረን ልንሰማው ነበር።

እንደምንዘምር በማታው ለሁሉም ላክሁ። እሑድ ጧት ባትሪውን አየሁ። ሶኬቱን ነቀልኩ። የማይኩን ገመድ እስከ መጨረሻው አስገባሁ። አንድ በአንድ፣ እንዳስተማሩኝ። በሩን ክፍት ተውኩ፤ ማዳሜ ነገሩን ስለ ሰሙ ጥቁር ለብሰው በሩ አጠገብ ወንበር አስቀምጠው ተቀመጡ። እኅቶች አንድ በአንድ ወደ ስልክ ጥሪው ገቡ። አልማዝ ስሟ ብቻ ይታያል፤ ከጀርባዋ የመኪና ድምፅ ይሰማል። ቅጂውን ከፈትኩት።

«እትዬ ሙሉ፣ ሦስት ከመታሁ በኋላ ይግቡ።»

ሦስት ጊዜ ተመታ። አልገባሁም። አፌን ከፍቼ ነበር፤ ድምፅ አልወጣም። ጊታሩ ግን አልቆመም። በሕይወት ሳሉ ቢሆን ይጠብቁኝ ነበር። አሁን ዜማው ያለ እኔ ይሄድ ጀመር፤ የመጀመሪያውን ስንኝ አለፈ፣ አዝማቹን አለፈ። ካልያዝኩት እስከ መጨረሻው ብቻውን እንደሚሄድ አወቅሁ። በሁለተኛው ስንኝ ገባሁ። ስገባ አረንጓዴዋ መብራት አልበራችም፤ ያው ሹክሹክታ ሆኖብኝ ነበር። ከፍ አደረግሁት። በራች።

በመሐሉ አንዲት ሴት ስታለቅስ ተሰማኝ። ማን እንደ ሆነች ስሟን ሳላይ አወቅሁ። መኪና ያልፋል፣ እሷ ታለቅሳለች፣ ጊታሩ ይመታል። ማንም ዝም በይ አላላትም።

እኅት በላይነሽ፣ ደኅና ይሁኑ። ከኔ በኋላ መጥተው ከኔ በፊት መሄድዎን ገና መቀበል አልቻልኩም፤ አንድ ሰው ስሕተቱን አግኝቶ እስኪነግረኝ ድረስ እየጠበቅሁ ነኝ። ጊታርዎ ከጥሩወርቅ ጋር ነው። ገመዱን እየጠረገች ታስቀምጠዋለች፤ አልማዝ ከዚያ ቤት የወጣች ቀን ይሰጣታል፤ ጣቷ መንገዱን ያውቃል። የላኩልኝን ቅጂዎች ሁሉ አንድም አልሰረዝኩም። ወደ ፊት መቼም አይጠብቁኝም፤ እኔ እደርስብዎታለሁ። ለመጪው እሑድ ባትሪው ሞልቷል፣ በሩ ክፍት ነው፣ ማዳሜም ከአሁኑ ወንበራቸውን አስቀምጠዋል።

ሶኬቱን ነቅያለሁ።