ጭራቆቹ ከየት መጡ

ገና ፊደል ቆጥሬ ሳልጨርስ፣ ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ታከለ ሲመሽ እሳት ዳር ተቀምጠው ተረት ይነግሩን ነበር። ያኔ መብራት ስላልገባ የምናየው በኩራዝ ጭላንጭል ፊታቸውን ብቻ ነው፤ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው እንኳ ማናችንም ንቅንቅ አንልም።

አንድ ምሽት የጅብ ተረት ነገሩን። ገበሬው ጅቡን እግሩ ላይ በጦር ወጋው፤ በማግስቱ የሰፈሩ ብረት ቀጥቃጭ እያነከሰ ታየ። «ቀን ሰው ናቸው፣ ሲመሽ ይለወጣሉ» አሉን፣ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ።

የእኛ ሰፈር ብረት ቀጥቃጭ ደግሞ የጓደኛዬ የፈንታዬ አባት ነበር። እኔና ፈንታዬ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው። አያ ታከለ ራሳቸው የሚያርሱት አባቷ በሠራው ማረሻ ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል፤ በሰውየው እጅ ሥራ አርሰው፣ እህሉን በልተው፣ ማታ ጅብ ያደርጉታል።

ሳምንት ሳይሞላ የፈንታዬ አባት የጋለ ብረት እግሩ ላይ ወድቆበት አነከሰ። «የፈንታዬ አባት ጅብ ነው» ብዬ ለክፍል ልጆች የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆሏችንን በነጠላ እየሸፈንን ከፈንታዬ ዓይን እንሸሽግ ጀመር። እኔም ወንበር ቀየርኩ።

«አባቴ እኮ ብረት ወድቆበት ነው» አለችኝ ፈንታዬ፣ በር ላይ ጠብቃ። «ቤታችን መጥተሽ ቁስሉን አይተሽው የለም?»

አይቼዋለሁ። ግን ፊቴን አዙሬ አለፍኩ።

ትምህርቷን አቋረጠች። ብዙም ሳይቆይ ቤተሰቡ ዕቃውን ጭኖ ወደ ሐሙሲት ሄደ፤ የሸኛቸው ሰው አልነበረም። የእርሻ ወቅት ሲደርስ አያ ታከለ «አሁን ማረሻዬን ማን ያሾልልኛል?» እያሉ ሲያማርሩ ሰማኋቸው።

አሁን ደብረ ታቦር ከተማ ነው የምኖረው። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ልጄ ሶልያና ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሳሎን ውስጥ ትጫወት ነበር። ጨዋታውን ከኢንተርኔት ነው የተማሩት፤ አንዷ ታሪኩን ትመራለች፣ ሌሎቹ ጀግኖች ይሆናሉ፣ ማን እንዳሸነፈ ባለ ቁጥር ጠጠር፣ ዳይስ የሚሉትን፣ ወርውረው ይለያሉ።

«ጭራቆቹ ግን ከየት ነው የመጡት?» አለች አንዷ።

ሶልያና ከደብተሯ አነበበች፦ «ከተራራው ሥር ብረት የሚቀጠቅጡ ሰዎች ነበሩ። ሲመሽ ተለወጡ።»

ደብተሩን ከእጇ ነጠቅኳት። «ይህን ማን ነገረሽ?»

«አንቺ ነሻ፣ እማዬ። ትንሽ ሳለሁ በእሱ ተረት አይደል እንዴ የምታስተኚኝ?»

አጠገባቸው ተቀምጬ፣ እኔ ያደረግሁትን ሳልደብቅ፣ የፈንታዬን ነገር ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ሲያዳምጡ አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም።

«ከዚያ በኋላ አላገኘሻትም?» አለችኝ ልጄ።

«አልፈለግኳትም» አልኳት።

ሶልያና ደብተሯን ከእጄ ወስዳ የጻፈችውን ሰረዘች።

አያ ታከለን ለዓመታት በልቤ ስወቅሳቸው ኖሬያለሁ፤ ሞተዋልና መልስ አይሰጡኝም። አሁን ግን የሚያናድደኝ የራሴ ነገር ነው። ባሕር ዳር በሄድኩ ቁጥር ሚኒባሱ ሐሙሲት ላይ ይቆማል፣ ሰው ያወርዳል፣ ይጭናል። አንድ ቀን እንኳ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ «ፈንታዬ የምትባል የብረት ሠሪ ልጅ ታውቃላችሁ?» ብዬ አልጠየቅኩም። ተረቱን ግን አንዲት ቃል ሳላዛንፍ ለልጄ አስተላልፌዋለሁ።