እናቴ ወንድሟን ያልመረጠችበት ቀን

አምና ለሳር ሜዳችን ለጓሳው ጥበቃ አዲስ ሰብሳቢ ይመረጥ ተባለና አጎቴ ተጠቆሙ። እኔ የማስተምረው መሐል ሜዳ ከተማ ነው፤ ግን በጋራ ሳራችን ላይ የአባቴ ድርሻ ወደ እኔ ስለዞረ እጄ ይቆጠራል። እሳቸውን ልመርጥ ብዬ ሄድኩ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነው፤ በዚህ አላፍርም።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እምቢ የሚል ቃል ካፋቸው ወጥቶ አያውቅም። በእርሻ ወቅት በሬያቸውን ለሰው አውሰው ራሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ ሰው ናቸው። በዕድሜያቸው ለምንም ተመርጠው ስለማያውቁ፣ ለዚያ ቀን ጋቢያቸውን አሳጥበው ነበር የጠበቁን። ተፎካካሪያቸው ፊቱ የማይፈታ ጎረቤታችን ነው። ጓሳው ሳሩ እንዲያድግ ተብሎ ለአጨዳ ተዘግቶ ሳለ እናቴን አንድ ሸክም ሳር አጭዳ ስትመለስ አግኝቶ፣ እያለቀሰች አስጥሏታል። ስለዚህ የእሷን ድምፅ እንደ ራሴ ቆጥሬው ነበር።

ለአጎቴ እጅ አውጡ ሲባል ከሁሉ ቀድሜ አወጣሁ። እናቴ እጇን አላወጣችም። አልሰማች ይሆናል ብዬ በክርኔ ጎሸም አደረግኋት። ለዚያ ሰውዬ ሲባል ግን እጇን ቀጥ አድርጋ አወጣች። ደሜ ፈላ፤ ከዚያ በኋላ ከእሷ በቀር ማንንም አላየሁም። አጎቴ በአንድ እጅ ተሸነፉ።

ወደ ቤት ስንመለስ አላስቻለኝም።

«እማ፣ ሳርሽን ያስጣለሽን ሰውዬ?»

«ለእኔ ያላዘነ ለማንም አያዝንም። ጓሳው የሚፈልገው እንደዚያ ያለውን ነው» አለችኝ። «ወንድሜን ግን የመጣው ሁሉ አንድ ሸክም ብቻ እያለ ሳሩን ይጨርስባቸዋል። ኋላ የሚወቀሱት እሳቸው ናቸው።»

«ቢሆንስ! በአንቺ እጅ ተሸነፉ እኮ!»

ለካ አጎቴ ከኋላችን ደርሰው ኖሯል።

«ተዋት ልጄ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «እኔም እጄን ያወጣሁት ለእሱው ነው።»

«ምነው ጋሼ?»

«ትናንት ቤቴ ድረስ መጥቶ ምረጡኝ አለኝ። ደጄ የመጣን ሰው ምን ብዬ ልመልሰው?»

እናቴ «አየህ?» ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። የወንድሟን እጅ ይዛ አለቀሰች።

«ለዚህ እኮ ነው ድምፄን የነፈግሁዎት፣ ወንድም ጋሼ።»

«እውነትሽን ነው፣ እህቴ» አሏት።

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ።