ጋሽ ንቀለው ያልነቀሉት ሞደም

ጎረቤታችንን ጋሽ ንቀለው የምንላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ራዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው አንዱን ራዲዮ ከሶኬት ሳይነቅሉ ከፍተውት ኤሌክትሪክ ከግድግዳ ጋር አላትሟቸዋል። ከዚያ ወዲህ የተበላሸ ዕቃ ይዞ ለመጣ ሁሉ የመጀመሪያ ቃላቸው «ንቀለው» ነው። እውነተኛ ስማቸውን እኔም ዘንግቼዋለሁ።

ባለቤታቸው እትዬ ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ከዋሉ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። በዚህ መሀል ልጃቸው ሩቅ ከተማ ወለደች። እትዬ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን በስልክ ሲያለቅስ ሰሙት እንጂ ዓይኑን አላዩም። ልጅቷ ካሜራ ተውሳ እሁድ በአራት ሰዓት በኢንተርኔት ልታሳያቸው ቃል ገባች። ካሜራው ሰኞ ይመለሳል።

ጋሼ በዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራ አሮጌ ኮምፒውተር አላቸው፤ እትዬ አልጋ አጠገብ አስቀመጡት። ኢንተርኔት የሚያገናኘውን የዩኤስቢ ሞደም የሸጠላቸው ሰው ከዊንዶውስ ውጭ እንደማይሠራ ነግሯቸው ነበር። መስሚያቸው ጥጥ ሆነ።

ሲሰኩት ግን ኮምፒውተሩ ሲዲ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ውስጡ ያለውም የዊንዶውስ ፕሮግራም ብቻ ነው። ጋሼ ሦስት ቀን ታገሉት። «አስወጣ» የሚለውን ይጫናሉ፤ የሲዲው ምልክት ይጠፋል፤ እሳቸው ወዲያው ሞደሙን ነቅለው መልሰው ይሰኩታል። ያው ሲዲ። እሁድ ጠዋት እትዬ ተበጥረው፣ ትራስ ተደግፈው ይጠብቁ ነበር። ጋሼን የጎዳቸው ይሄ መጠበቅ ነው።

ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ፤ የተዋስኩትን መሰላል ልመልስ። ጋሼ «አስወጣ»ን ተጭነው ሊነቅሉ ሲሉ ነው የደረስኩት። ተነስተው መሰላሉን አብረን ጓሮ አስገባን። ስንመለስ የሞደሙ መብራት ሰማያዊ ሆኗል። እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ሞደሙ ሄደ።

«አንተ ሰውዬ፣ ተወው እስቲ» አሉ እትዬ። «ስትወጣ ነው የበራው።»

ለካ ዕቃው ሲዲ መስሎ ይገባና፣ ሲዲው ከወጣለት በኋላ ትንሽ ቆይቶ ወደ ሞደምነት ይለወጣል። ጋሼ ሦስት ቀን ሙሉ የነፈጉት ያችን ትንሽ ጊዜ ነበር። የቀረው የኔትወርኩን ስም ከዝርዝር መምረጥ ብቻ ሆነ።

በአራት ሰዓት ሕፃኑ ስክሪኑ ላይ መጣ፤ ግን እንቅልፉን ለጥጧል። እትዬ ዓይኑን ማየት እንደፈለጉ እናቱ ገባት። ልትቀሰቅሰው እጇን ስትሰድ ጋሼ ቀደሟት።

«አትንኪው ልጄ፤ እንጠብቀዋለን።»

እትዬ ዞር ብለው ባላቸውን አዩ። ቀጥለውም እጃቸውን ያዙት፤ ምናልባት ሐሳባቸውን እንዳይለውጡ ይሆናል። እኔ መሄድ ሲገባኝ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ለአምስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲሆን ልጁ ዓይኑን ገለጠ።