የካርድ ክፍሉን ሰርቨር ያበላሸሁት እኔ አይደለሁም

እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል።

አክስቴ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ የካርድ ክፍል ኃላፊ ናት። ታካሚ ሲመጣ የድሮ ካርዱ ከመደርደሪያ ይፈለጋል፤ አንዳንዴ ካርዱ እስኪገኝ የታካሚው ትኩሳት ራሱ ይበርዳል። ይህን ለማስቀረት ክሊኒኩ መዝገቡን በሙሉ የሚይዝ ኮምፒውተር፣ ሰርቨር፣ ገዛ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ሊኑክስ የሚባል ፕሮግራም የጫነው ባለሙያ ግን «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያለ ጠፋ። ሰርቨሩም ዳንቴል ለብሶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ዳንቴል! አየር እንዳያገኝ!

እኔ አሥራ አንደኛን ጨርሼ ክረምቱን ሰሚት ቤታችን ተጎልቻለሁ። ትምህርት ቤት በኮምፒውተር ክበብ ዳታቤዝ መጫን ተምሬያለሁ፤ የካርዶቹን ስምና ቁጥር በሠንጠረዥ ይዞ በአፍታ የሚያወጣውን ማለቴ ነው። አክስቴ ለአስተዳዳሪው «የእህቴ ልጅ ትችላለች» አለቻቸው።

«እስከ ዓርብ» አሉ እሳቸው። «ካልሆነ ማሽኑ ወደ ሱቁ ይመለሳል። አንቺም ሁለተኛ ኮምፒውተር የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ።»

ሰኞ ዳንቴሉን ገፍፌ፣ ኢንተርኔት ከስልኬ አገናኝቼ፣ ዳታቤዙን አውርድ የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩ። እምቢ። «ፋይሉ ገና ጊዜው አልደረሰም» የሚል ነገር በእንግሊዝኛ ወጣ። ኔትወርክ መስሎኝ ስልኬን ይዤ መስኮት ላይ ተንጠለጠልኩ። እምቢ። ማክሰኞም እምቢ።

አስተዳዳሪው መጡ። «ሚጣዬ፣ ደህናውን ማሽን አበላሸሽው አይደል?»

«ጋሼ፣ እኔ ምንም አላበላሸሁም።»

«ታዲያ ማነው? ጅኒ ነው?»

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። አክስቴ አንገቷን ደፍታ የተደረደሩ ካርዶችን እንደገና መደርደር ጀመረች። ሚጣዬ ማለታቸውን እንኳ ችዬው ነበር፤ የእሷን አንገት መድፋት ግን አልቻልኩም።

ረቡዕ ጠዋት ከሰሚት ስመጣ ታክሲ ውስጥ «ገና» የምትለው ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። የማን ገና? ስደርስ የግድግዳው ሰዓት ሦስት ሰዓት ከሃያ ይላል። ሰርቨሩን አየሁት፤ እሱም ሦስት ከሃያ። ሰኞም እንዲሁ ልክ ለልክ ሆነው አይቼ «ጎበዝ» ብዬ ነበር፤ እኔም ሞኝ! ኮምፒውተር እኮ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ ዘጠኝ ከሃያ ማለት ነበረበት። ሰርቨራችን ስድስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል። ዛሬ ጠዋት የወጣ ፋይል ለእሱ ገና ያልተወለደ ነው።

ሰዓቱን አስተካክዬ ትእዛዙን ደገምኩት። ጽሑፉ እንደ ቧንቧ ውሃ ይንፎለፎል ጀመር! ወንበሩ ላይ ቆሜ ጨፈርኩ። ከሰዓት በኋላ ዳታቤዙ ተጭኖ፣ ሠንጠረዡ ተሠርቶ፣ እኔና አክስቴ ካርዶቹን እስከ መውጫ ሰዓት ስናስገባ ዋልን።

ሐሙስ ጠዋት መዝገቡን ብናይ፣ አሁን የገቡት ታካሚዎች በፈረንጅ ሌሊት ሁለት ተኩል፣ በእኛ ከሌሊቱ ስምንት ተኩል መጥተዋል ይላል። ክሊኒኩ ሌሊት ዝግ ነው!

«ጭራሽ ሰዓቱንም አበላሽተሽው ሄድሽ?» አሉ አስተዳዳሪው፣ አሁንም ወረፋው ፊት። «ስድስት ሰዓት ተሳስቶ አገኘሁት። እንደ ሁልጊዜው እኔ አስተካከልኩት።»

እንደ ሁልጊዜው! ለካ ጠዋት ጠዋት ከሁሉም ቀድመው ይገቡና፣ ስክሪኑ ላይ በተለጠፈው ፓስወርድ ከፍተው፣ ሰዓቱን ከግድግዳው ጋር ያስማሙት ነበር።

«ጋሼ፣ ስልክዎ አሁን ስንት ይላል?»

አዩት። «ስምንት ተኩል።»

«የግድግዳውስ?»

«ሁለት ተኩል።»

«ታዲያ ስልክዎን ለምን አላስተካከሉትም?»

«ስልክማ በፈረንጅ ነዋ!»

«ይኼስ?» አልኩ ሰርቨሩን እያሳየሁ። «ጋሼ፣ በእናትዎ አይንኩት!»

«አንቺ ልጅ!» አለች አክስቴ። እሳቸው ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው ወጡ። ሰዓቱን መለስኩት፤ ፓስወርዱንም ቀየርኩት።

ዓርብ አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች። አክስቴ የልጁን ስም ጻፈች፤ ሴትየዋ ልጁን አውርዳ ሳትቀመጥ የካርድ ቁጥሩ ወጣ። አስተዳዳሪው በር ላይ ቆመው አዩ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ወረፋው ባዶ ሲሆን ወደ አክስቴ ጠጋ ብለው፣ «ያው… ሰዓቱን የነካሁት እኔ ነበርኩ። ማሽኑ ይቆይ» ብለው በሹክሹክታ ተናግረው ሄዱ።

በሹክሹክታ! አበላሸች ሲሉ ወረፋው ሙሉ፣ እኔ ነኝ ሲሉ ባዶ ወንበር!

«በቃ፣ ማሽኑ ቆየልን፤ ተይው» አለች አክስቴ። ፊቷ በርቷል።

እኔ ግን አልተውኩትም። ካርቶን ቀድጄ በትልቁ ጻፍኩ፦ «ሰዓቱ ትክክል ነው፣ በፈረንጅ ነው። ልጅቷ አላበላሸችውም። እባክዎ አይንኩት።» ዳንቴሉ በነበረበት አቆምኩትና፣ ከምሳ በኋላ የሚመጣው ወረፋ እንዲያነበው ፊቱን ወደ ካርድ መስጫው መስኮት አዞርኩት።