ጨው እንድትገዛ የተላከችው ልጅ

ትምህርቴን ያቋረጥኩት ገና በልጅነቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ያወቅኩትን ያወቅኩት እጄ የገባውን ሁሉ በማንበብና ሰው በማስወራት ነው። ሰው ማስወራት እንጀራ ይሆነኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

አንድ የጥናት ቡድን ልደታ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞረ መረጃ የሚሰበስብ ሰው ሲፈልግ፣ የሰፈር ሰዎች እኔን ጠቆሙ። ጥናቱ የትኩረትና የእድገት ችግር ስላለባቸው ልጆች ነው። በአንድ አካባቢ እየኖሩ አንዱ ልጅ ቶሎ ሐኪም ሲያገኝ ሌላው ለምን አያገኝም? የኔ ሥራ ታብሌት ይዞ ጥያቄውን እያነበቡ መልሱን መሙላት ነው።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ላይ ሥራው ቀላል ነበር። አንዷ የባንክ ሠራተኛ እኔ ጥያቄውን ሳልጨርስ መልሱን ትጨርስልኛለች። ልጇ መቼ አፉን እንደፈታ፣ መቼ እንደጠረጠረች፣ ማን ጋ እንደወሰደችው፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገረችኝ። ቪዲዮም አሳየችኝ። ታብሌቱን ተቀብላኝ ራሷ ልትሞላው ምንም አልቀራት።

ጠመንጃ ያዥ የሚባለው የድሮ ሰፈር ስገባ ነገሩ ተቀየረ። በሯ ላይ ሳምቡሳ የምትሸጥ አንዲት እናት ቤት ገብቼ፣ «ልጅሽ ትኩረት የማድረግ ችግር አለባት?» ብዬ አነበብኩላት።

«ኧረ ደህና ናት፣ ተመስገን።»

ይህን ስትለኝ ልጅቷ ከኋላዋ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወጥታ እግሯን እያወዛወዘች ነበር።

ታብሌቱን ቦርሳዬ ውስጥ ስከትት ግን እናትየዋ ሌላ ሰው ሆነች። ልጅቷን ጨው እንድትገዛ የላከቻት ቀን የሆነውን አውርታልኝ እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ወደ መሬት እያየች፣ «እትዬ፣ ትምህርት ቤቱ እኮ ሐኪም አይቷት ምን እንደምናደርግላት ካልነገረን ከመስከረም ጀምሮ አንቀበላትም አለኝ» አለችኝ። «የሰው ልጅ ሂሳብ ሲማር የኔዋ ሳምቡሳ ልትጠቀልል ነው?»

ሐኪም ቤት ሳትሄድ ቀርታ አይደለም፤ ተመላልሳለች። ልጅቷ ወረፋ ላይ መቀመጥ አትችልም። ሮጣ ትወጣለች፣ እናት ተከትላት ትሮጣለች፣ ሲመለሱ ስማቸው ተጠርቶ አልፏል።

«አንቺ ወረፋውን ጠብቂ፣ ሚጣን ለኔ ተያት» አልኳት። በብልጠቴ እንዴት ተደስቼ ነበር መሰላችሁ።

በቀጠሮው ጠዋት ልጅቷ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ጸጉሯ ተሠርቶ መጣች። እናትየዋ መንገዱን ሙሉ፣ «ዶክተሯ ፊት ጨዋ ሁኚ፣ እሺ? እንዳታሰድቢኝ» እያለች ስትመክራት ነበር። እሷን ሐኪም ቤቱ ወረፋ ላይ ትተን እኛ በቅርብ ወዳለው ወደ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ሄድን። ልጅቷ ያገኘችውን ደረጃ ሁሉ ወጥታ ወረደችው። በግቢው አጠገብ ባቡሩ ሲያልፍ አብራው ካልሮጥኩ አለች፤ ሮጥን። ባቡሩ አሸነፈ፣ እሷ ግን በሚቀጥለው እቀድመዋለሁ ብላ ጠበቀችው። ስልኬ ሲጮኽ እኔ ጉልበቴን ይዤ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ።

«እትዬ፣ ደርሶናል፣ ቶሎ ኑ።»

ደርሰን ገባን። ልጅቷም ወንበሩ ላይ ወጥታ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሙሽራ ተቀመጠች። ደክሟታል። ስሟን ስትጠየቅ በቀስታ ተናገረች። ክፍሏን ስትጠየቅም እንደዚያው።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ትሁት። «ቤት ውስጥስ እንዴት ናት?» አለች።

«ታዛዥ ናት ዶክተር፣ ተመስገን።»

«አታስቸግርሽም?»

«ኧረ በፍጹም። ታግዘኛለች እንጂ።»

ከጠረጴዛው ሥር የእናትየዋን እግር ረገጥኩት። እግሯን ሰበሰበች።

ዶክተሯ ልጅቷን አየች፣ እናትየዋን አየች። «ታዲያ ለምን አመጣሻት?»

«ትምህርት ቤቱ ነው አምጪ ያለኝ» አለች እናት በቀጭን ድምፅ። ሰው ፊት የልጅን ገመና ማውጣት ነውር ነው የሚባለው ነገር አፏን ሸብቦታል። የመስከረሙ በር ዓይኔ እያየ ሲዘጋ ታየኝ፤ ልጅቷን አድክሜ ጨዋ ያደረግኳት ደግሞ እኔው ነኝ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ይደረግልኝ» አልኩ። ወደ እናትየዋ ዞርኩና፣ «የጨዉን ቀን ንገሪያቸው» አልኳት።

«እትዬ ደግሞ፣ እሱ እዚህ ይወራል?»

«ይወራል» አለች ዶክተሯ፣ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ።

እናትየዋ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ጀመረች። «ወጥ ጥጄ ጨው አለቀብኝ። ሱቁ እዚሁ አጠገባችን ነው። ላክኋት፣ ቀረች። ለካ ጎማ ቤት ቆማ ጎማ ሲለጠፍ ታያለች። እጇን በግራሶ አጥቁራ መጣች። ጨውስ ብላት፣ የምን ጨው አለችኝ። ደግሜ ላክኋት፣ የጎረቤት ድመት ታቅፋ መጣች። በመጨረሻ እጇን ይዤ አብሬያት ሄድኩ፤ ሱቅ ውስጥ እኔን ጥላኝ ሄደች።»

ዶክተሯ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ እናትየዋም ሳቀች። ከዚያ ከሳቁ መሃል ድምፅዋ ወረደ።

«አስፋልት ስታቋርጥ መኪና አታይም ዶክተር። ስንወጣ እጇን ከእጄ ጋር በነጠላዬ ጫፍ አስራለሁ። ሰው ካየኝ እየተጫወትን ነው እላለሁ።»

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እናትየዋ ሳብ አድርጋ፣ «ሌላስ?» አለቻት። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት። የጠፋው ጫማ፣ ያልተጨረሰው የቤት ሥራ፣ ሌሊት የማይመጣው እንቅልፍ፣ ሁሉም ወጣ። በመሃል ውሃ ሲፈስ ሰማንና ዞር አልን። ልጅቷ ድካሟ ወጥቶላት፣ የእጅ መታጠቢያውን ከፍታ የዶክተሯን እስክሪብቶዎች አንድ በአንድ እያጠበች ነው።

«አሁን ተዋወቅን» አለች ዶክተሯ።

ነገሩ የትኩረት ችግር እንደሚመስላት፣ ልጅቷ ክትትል እንደሚያስፈልጋት ነገረችን። ለእናትየዋ ደግሞ፣ «ጥፋቱ ያሳደግሽበት መንገድ አይደለም፣ ባለጌም አይደለችም» አለቻት። ለትምህርት ቤቱም ከፊት እንዲያስቀምጧት፣ ሥራውን እየቆራረጡ እንዲሰጧትና በየመሃሉ እንድትነሳ እንዲፈቅዱላት ጻፈችላቸው።

የሆነውን ለጥናቱ አስተባባሪ ስነግረው በደንብ አዳመጠኝ። ጥያቄዎቹን እንዳሉ እንድጠይቅ፣ ግን ታብሌቱን ከመክፈቴ በፊት እናቶቹን ስለ ትናንት ውሏቸው እንዳስወራቸው ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ ያዥ አንድ ቤት ገብቼ ቶሎ አልወጣም።

ትምህርት ከተከፈተ በኋላ እናትየዋ ደወለችልኝ። ከጀርባዋ ዘይት ሲንጣጣ ይሰማል።

«መምህሯ ከፊት አስቀምጣታለች። እንድትነሳ ብላ ሰሌዳ ማጥፋቱን ለእሷ ሰጠቻት።»

«ጎበዝ መምህር።»

«ምኑን፣ እትዬ። ዛሬ መምህሯ ጽፋ ሳትጨርስ ሙልጭ አድርጋ አጥፍታባታለች።»

«ታዲያ አስወጣቻት?»

«ኧረ፣ እንደገና ጻፈችው።»